ጣኢፍ፦ ዕቃ ያለውና ዕቃ የሌለው ታሪክ

ለሐጅ ወይም ለዑምራ መካ ደርሶ ጥቂት ትርፍ ቀናት ያገኘ፣ ወይም ለእንጀራው ሲል በሒጃዝ ከተሞች የሚኖር ወገናችን አንድ ቀን ወደ ጣኢፍ መውጣቱ አይቀርም። ሰውን ወደዚያ የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ ታሪክ ሳይሆን አየር ነው። መካ በሐምሌና በነሐሴ እንደ እሳት በምትነድበት ሰዓት፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ላይ ሰው ነጠላ ደርቦ የሚቀመጥባት ከተማ አለች ሲባል ማን ይቀመጣል? መኪናው ተራራውን ይወጣል፣ ቤተሰቡ ከዛፍ ጥላ ሥር ምንጣፍ ያነጥፋል፣ በለስና ወይን ይገዛል፣ ሲመሽም ይወርዳል። ጣኢፍን አየሁ ብሎ የሚመለሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ያየው ይህንን ነው።

እኔ ግን እዚያ ለመሄድ የታደላችሁ ሁሉ ከዛፉ ጥላ ተነሥታችሁ ወደ ከተማዋ ሙዚየሞች ጎራ እንድትሉ እመክራለሁ። ምክሬ ከአንድ ማሳሰቢያ ጋር ነው። በጣኢፍ የሆኑት ታላላቅ ነገሮች በመስታወት ሣጥን ውስጥ ሊቀመጥ የሚችል ዕቃ አልተዉም። ዕቃ የተዉት ደግሞ የግድ ታላላቆቹ አይደሉም። ይህንን ልብ ሳይሉ ሙዚየም የገቡ እንደሆነ፣ ሲወጡ የአንድ የሀብታም ቤት ሳሎን ጎብኝቶ ከመውጣት የተለየ ነገር አያተርፉም። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ሂ.» ካልተባለ በቀር የተጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ስለ ቦታው። ጣኢፍ በሰራዋት ተራሮች ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከዚያ በላይ ያሉት ሀዳና ሸፋ የሚባሉት አካባቢዎች ደግሞ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ይደርሳሉ። ለኛ አገር ሰው ይህ ከፍታ ምንም አይደለም፤ አዲስ አበባ ከዚህ ይበልጣል። እንዲያውም ሸፋ ላይ የሚታየው ጥድ በኛ ተራሮች ላይ የሚበቅለው ያው ጥድ ነው። በሀዳ መንገድ ዳር ተቀምጦ ከመኪና የሚወረወርለትን የሚጠብቀው ባለ ጋማ ዝንጀሮም ከአዋሽና ከሐረር ቆላ ዝንጀሮ ጋር አንድ ዘር ነው። ባሕሩ ለያቸው እንጂ አገሩ አንድ ነበር ያሰኛል።

ለሒጃዝ ሰው ግን ይህ ከፍታ ትልቅ ነገር ነው። የመካ ባለጸጎች ከእስልምና በፊት ጀምሮ በጣኢፍ የወይን እርሻና የአትክልት ቦታ ነበራቸው። ከመካ በሀዳ በኩል የሚወጣው የመኪና መንገድ የተከፈተው በ1965 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት መንገደኛው ገደሉን የሚወጣው በድንጋይ በተነጠፈ ጠመዝማዛ የእግርና የግመል መንገድ ነበር። የዚያ መንገድ ደረጃዎች ዛሬም አሉ።

የከተማዋ ስም ራሱ የሚናገረው ነገር አለው። «ጣኢፍ» ማለት የሚዞር፣ የሚከብብ ማለት ነው፤ ሐጃጁ በካዕባ ዙሪያ ከሚያደርገው «ጠዋፍ» ጋር ከአንድ ሥር የወጣ ቃል ነው። ስሙን ያገኘችው ሠቂፍ የሚባለው የነዋሪዎቿ ጎሳ ዙሪያዋን ካጠረው ግንብ እንደሆነ ይነገራል። እንግዲህ ጣኢፍ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ነገር ነበረች፤ የነፋስ መቀበያና ምሽግ። ሰው ወደ ላይ የሚወጣው ወይ ለመዝናናት ነው፣ ወይ ለመሸሸግ። አንዳንዱ ደግሞ በግድ ይወጣል፤ እርሱም እስረኛው ነው።

ወደ ሙዚየሙ እንግባ። በከተማዋ ውስጥ የሹብራ ቤተ መንግሥት የሚባል ነጭ ባለ ፎቅ ሕንፃ አለ። አሁን በሚታየው መልኩ ያሠራው ሸሪፍ ዐሊ ፓሻ ነው፤ ጊዜውም በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ፣ ወደ 1905 ገደማ ነው። ስሙ የተወሰደው በካይሮ ካለው ሹብራ ነው ይባላል። እብነ በረዱ ከኢጣሊያ የመጣ ነው። መስኮቶቹ የሒጃዝ ሰዎች «ሮሻን» የሚሉት ዓይነት ናቸው፤ ከግድግዳው ወጣ ብሎ የተሠራ፣ በእንጨት ፍልፍል የተሸፈነ፣ ነፋስ የሚያስገባ የውጭውን ዓይን ግን የሚከለክል መስኮት ነው። ከውጭ ቆመው ቢያዩት ግማሹ ቱርክ፣ ግማሹ አውሮጳ፣ መስኮቱ ጂዳ ይመስላል። የመካ ሸሪፎች በዚያን ጊዜ የማን እንደነበሩ ለማወቅ መጽሐፍ ከመግለጥ ይህን ሕንፃ ማየት ይቀላል። በስማቸው የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዝርያዎች፣ በሹመታቸው የኢስታንቡል ባለሟሎች፣ በምኞታቸው ደግሞ እንደ ካይሮ ጌቶች መኖር የሚሹ ነበሩ።

ሸሪፍ ዐሊ ቤቱን አምሮ ሠራው እንጂ ብዙ አልተቀመጠበትም። በ1908 ኢስታንቡል ላይ የወጣት ቱርኮች አብዮት ሲነሣ እርሱም ከሥልጣኑ ተነሣ፤ በቦታው ሸሪፍ ሑሴን ተሾመ። ከዚያ በኋላ ዘመን ተለውጦ ሒጃዝ በንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ እጅ ሲገባ፣ ንጉሡ ጣኢፍ በመጣ ቁጥር የሚያርፍበት ሹብራ ሆነ። ልጁ ፈይሰልም የሒጃዝ እንደራሴ ሳለ ተቀምጦበታል። ኋላ መንግሥት ሙዚየም አደረገው። በአገሪቱ የክፍለ ሀገር ሙዚየሞች እንደተለመደው ጉዞው ከድንጋይ ዘመን መሣሪያ ተነሥቶ እስከ ሳዑዲ መንግሥት ምሥረታ ይደርሳል። ለእድሳት የሚዘጋባቸው ጊዜያት ስላሉ ከመሄዳችሁ በፊት መጠየቁ ይበጃል።

እንግዲህ ይህ «ዕቃ ያለው ታሪክ» ነው። ደረጃው፣ እብነ በረዱ፣ የበሩ ፍልፍል፣ የነገሥታቱ ማረፊያ ክፍል ሁሉ ይታያል፣ ይዳሰሳል። አላፊ አግዳሚው ፎቶግራፍ ያነሣዋል። ነገር ግን በዚያው በሸሪፎቹና በቱርኮቹ ዘመን በዚህች ከተማ ሌላም ነገር ይሠራ ነበር። እስቲ ከቤተ መንግሥቱ መስኮት ላይ ቆመን ሃያ ዓመት ያህል ወደ ኋላ እንመልከት።

ሚድሐት ፓሻ የሚባለው የዑሥማኒያ መንግሥት ታላቅ ባለሥልጣን በባልካን፣ በባግዳድና በሶሪያ አገር ገዥ ሆኖ ያገለገለ፣ ሁለት ጊዜም ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረ ሰው ነው። በ1876 የታወጀውን የመጀመሪያውን የዑሥማኒያ ሕገ መንግሥት በማዘጋጀት ግንባር ቀደሙ እርሱ ነበር። ሱልጣን ዐብዱልሐሚድ ሕገ መንግሥቱን ብዙ ሳይቆዩ አገዱት። ሚድሐትም በ1881 የቀድሞውን ሱልጣን በማስገደል ተከሶ ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠለትና ወደ ጣኢፍ ተላከ። በ1884 በግንቦት ወር፣ በጣኢፍ ምሽግ ውስጥ በተኛበት ታንቆ ተገደለ። ስለ ሕይወቱና ስለ ግዞቱ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው በአብዛኛው ከራሱ ጽሑፎችና ለቤተሰቡ ከጻፋቸው ደብዳቤዎች ሲሆን፣ ልጁ እነዚህን ሰብስቦ በመጽሐፍ አወጣቸው። አፅሙ በ1951 ከጣኢፍ ተነሥቶ ወደ ኢስታንቡል ተወሰደ። መቃብሩም እንኳ በጣኢፍ አልቀረም ማለት ነው።

ኢስታንቡል ላሉት ጌቶች ጣኢፍ ለእስረኛ የተመረጠችው ለምን ይመስላችኋል? ለመዝናኛ በተመረጠችበት ምክንያት ነው። ሩቅ ናት፣ ከፍ ያለች ናት፣ መውጫዋ ጠባብ ነው። ይህ ጠባይዋ በ1916 የገዛ ገዥዋን እንኳ ይዟል። የዐረቦች አመፅ በሰኔ ወር ሲፈነዳ የሒጃዙ የቱርክ ገዥ ጋሊብ ፓሻ እንደ ልማዱ ሙቀቱን ሸሽቶ ጣኢፍ ወጥቶ ነበር። የሸሪፍ ሑሴን ልጅ ዐብደላህ ከተማዋን ከበባት። ለጥቂት ወራት ነፋስ ሊቀበል የወጣው ገዥ እስከ መስከረም 22 ድረስ ተከቦ ቆይቶ በመጨረሻው እጁን ሰጠ።

ከዚህም የከፋ አለ። በ1802 የመጀመሪያው የሳዑዲ መንግሥት ጦር ሲይዛት በነዋሪዎቿ ላይ ትልቅ እልቂት ደረሰ። ከ12 ዓመት በኋላ ቡርክሃርት የተባለው ስዊዘርላንዳዊ መንገደኛ የግብፁን ሙሐመድ ዐሊ ፓሻን ሊያገኝ ጣኢፍ ሲገባ አብዛኛው ቤት ፍርስራሽ ሆኖ አገኘው። በ1924 መስከረም ወር «ኢኽዋን» የሚባሉት የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ተዋጊዎች ሲገቡም በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። እንዲህ ያለውን ቀን በመስታወት ሣጥን ማስቀመጥ ለየትኛውም አገር ሙዚየም ይከብዳል። ለኛም አገር ሙዚየሞች ይከብዳል። በሹብራ ደረጃ ስትወጡ ግን ይህ ሁሉ በዚያው መሬት ላይ መሆኑን ብታስቡ ደረጃው የሚነግራችሁ ነገር ይበዛል።

የቀረውን የቅርብ ጊዜ ታሪክ በአጭሩ ልለፈው። በ1934 የሳዑዲና የየመን ጦርነት ያበቃበት ውል የተፈረመው እዚሁ ነው። ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ያረፉት በ1953 በጣኢፍ ነው። በ1989 የሊባኖስ የምክር ቤት አባላት የእርስ በርሱን ጦርነት ያቆመውን ስምምነት የተስማሙት በዚህችው ከተማ ሲሆን፣ ስሙም እስከ ዛሬ «የጣኢፍ ስምምነት» ነው። በ1990 ኢራቅ ኩዌትን ስትወር የተሰደደው የኩዌት መንግሥት መቀመጫውን ያደረገው በጣኢፍ ነበር። ሆቴልና ጥሩ አየር ያለበት ቦታ ለመሸሻም ለድርድርም እንደሚመች ከዚህ ይታያል።

ከመንግሥት ሙዚየም ሌላ፣ በጣኢፍ አንድ የከተማው ተወላጅ በራሱ ጥረት የሰበሰበው «የሸሪፍ ሙዚየም» የሚባል የግል ሙዚየም አለ። እውነቱን ለመናገር እኔ ከቤተ መንግሥት ይልቅ ወደዚህ ዓይነቱ አደላለሁ። የድሮው የጣኢፍ ገበያ ሱቆች በአምሳያ ተሠርተው ይታዩበታል። የእጅ ባለሙያው መሣሪያ፣ የቡና ዕቃው፣ የቤት ቁሳቁሱ፣ የጦር መሣሪያውና ገንዘቡ ተሰብስቦበታል። የመንግሥት ሙዚየም ሲሰበስብ ይመርጣል። የግል ሰብሳቢ ግን ሌላው ሰው የጣለውን ያነሣል፤ ስለዚህ የድኻው ሰው ዕቃ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ እርሱ ዘንድ ነው።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በሐረር አብዱላሂ ሸሪፍ በራሳቸው ቤት የጀመሩትና ኋላ ወደ ራስ ተፈሪ መኮንን ቤት የተዛወረው ሙዚየም ያው ነው። በየሰው ጓዳ ሊበሰብስ የነበረውን የእጅ ጽሑፍ ቁርኣንና ኪታብ አንድ በአንድ ለምነውና ገዝተው ባይሰበስቡ ኖሮ፣ የሐረር ዑለማ የጻፉት ስንቱ በቀረ ነበር? የሸሪፍ ስም በሁለቱም ከተሞች መገጣጠሙ ያጋጣሚ ነገር ነው፤ ሥራው ግን አንድ ነው።

ስለ ጣኢፍ ዕቃ ሲነሣ ጽጌረዳውን መተው አይቻልም። በየዓመቱ በመጋቢትና በሚያዝያ ገደማ በሀዳና በሸፋ እርሻዎች አበባው ይለቀማል። ፀሐይ ሳይበረታበት ገና በማለዳ ይለቀምና በዚያው ቀን በመዳብ ጋን ተጥዶ ይነጠራል። እንፋሎቱ በቧንቧ አልፎ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲበርድ ወደ ጽጌረዳ ውኃነት ይለወጣል፤ ከላይ የሚንሳፈፈው ጥቂት ዘይት ደግሞ ውዱ ዒጥር ነው። ቶላ የምትባለውን ከ12 ግራም የማትሞላ ብልቃጥ ለመሙላት ከ10,000 በላይ አበባ ያስፈልጋል ይላሉ። በ2024 ዩኔስኮ ይህን የጣኢፍ ጽጌረዳ ባህል በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። በሙዚየም ውስጥ አሮጌ የመዳብ ጋን ብታዩ እንግዲህ ከድስት አትቁጠሩት።

አሁን ወደ ሌላው፣ ዕቃ ወደሌለው ታሪክ እንሻገር። ዘመኑ የነብይነቱ አሥረኛ ዓመት፣ 619 ነው። የነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ባለቤት ኸዲጃና (ረ.ዐ.) ከለላ የነበሩት አጎታቸው አቡ ጧሊብ ያረፉበት ዓመት ነው። ከሶሐባዎቹ ብዙዎቹ ከአራት ዓመት በፊት ጀምሮ ወደ ሐበሻ ተሰደዋል። በመካ መከራው ሲበረታ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘይድ ኢብኑ ሓሪሣን (ረ.ዐ.) አስከትለው ወደ ጣኢፍ ወጡ። የሠቂፍ አለቆች የነበሩትን ሦስት ወንድማማቾች አነጋገሩ። ሦስቱም እየተሳለቁ መለሷቸው። በዚህም ሳይበቃ የከተማውን ባሮችና ዱርዬዎች ሰደዱባቸው፤ ደም ጫማቸውን እስኪሞላ በድንጋይ ወገሯቸው። ዘይድ በገዛ አካሉ ሊከልላቸው ሲሞክር ራሱ ተፈነከተ።

ከዚያ የተጠጉት ወደ አንድ የወይን አትክልት ነው። የአትክልቱ ባለቤቶች ዑትባና ሸይባ የሚባሉ የመካ ባለጸጎች፣ በእምነት ደግሞ ጠላቶቻቸው ነበሩ። ልብ በሉ፣ ይህ አትክልት የመካ ሀብታም የመዝናኛ ቦታ ነው፤ ዛሬ ቤተሰብ ምንጣፍ እንደሚያነጥፍበት ዓይነት ማለት ነው። ጌቶቹ የሆነውን ከሩቅ ሲያዩ ዝምድናው ቆረቆራቸውና ዐዳስ የሚባለውን አገልጋያቸውን አንድ ዘለላ ወይን ይዞ እንዲሄድ አዘዙት። ዐዳስ ከነነዌ የመጣ ክርስቲያን ነበር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአላህ ስም ብለው ሲጀምሩ ሰማና ይህ ንግግር በዚህ አገር የለም ብሎ ተገረመ፤ የነነዌውን ነብይ ዩኑስን ስም ሲጠሩለት ደግሞ ጎንበስ ብሎ ራሳቸውንና እጃቸውን ሳመ።

ከዚያ ቀን በሙዚየም ሊቀመጥ የሚችል ምን ነገር አለ? ድንጋዩ የጣኢፍ ድንጋይ ሁሉ ነው። ወይኑ በዚያው ሰዓት ተበልቷል። አገልጋይም ዕቃ የለውም። በመሥናህ ሠፈር በዐዳስ ስም የሚጠራ ትንሽ መስጊድ አለ፤ ከስሙ በቀር ከዚያ ቀን የቀረ የሚዳሰስ ነገር የለም። ይሁንና በዓለም ላይ ካሉ ሙስሊሞች ስለ ጣኢፍ አንድ ነገር የሚያውቅ ሰው ቢኖር የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ያንን ሕዝብ ተራራዎቹ ደፍጥጠው እንዲያጠፉት ፈቃድ በቀረበ ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከልጅ ልጆቻቸው አላህን የሚገዛ ይወጣ ይሆናል ብለው እምቢ ማለታቸውን ማንም የቁርኣን ቤት ልጅ ይነግራችኋል።

ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ8 ዓ.ሂ. (630)፣ ሁኔታው ተገለበጠ። መካ ተከፍታለች፤ በሑነይን የተሸነፉት ሠቂፎች ወደ ጣኢፋቸው ገብተው በሩን ዘግተዋል። የሙስሊሞች ጦር ከበባቸው። መንጀኒቅ የሚባለው ድንጋይ ወንጫፊ መሣሪያ ተተከለ፤ በቆዳ የተሸፈነ መከለያ ውስጥ ሆነው ግንቡን ለመናድ የተጠጉትን ሠቂፎች የጋለ ብረት አዘነቡባቸው። ግንቡ አልተደፈረም። ከሳምንታት በኋላም ከበባው ተነሣ።

በዚያ ከበባ ወቅት ወደ ሙስሊሞቹ የወጣ ባሪያ ነፃ ነው ተብሎ ታወጀ። ከሃያ በላይ የሚሆኑ ሰዎች ከምሽጉ ሾልከው ወጡ። ከእነርሱ አንዱ ኑፈይዕ ይባላል። በግንቡ ላይ በነበረ የውኃ መቅጃ መዘውር ተንጠልጥሎ ወረደ። መዘውር በዐረብኛ «በክራ» ነውና ከዚያን ቀን ጀምሮ አቡ በክራ (ረ.ዐ.) ተባለ። አባቱ መስሩሕ የሚባል ባሪያ እንደነበረና ዝርያውም ከሐበሻ እንደሆነ የጻፉ አሉ። በዓመቱ ሠቂፎች ሰልመው መልዕክተኞቻቸው መዲና ሲመጡ እነዚያ ያመለጡ ባሮች ይመለሱልን ብለው ነበር፤ የአላህ ነፃ ሰዎች ናቸው ተብለው ተከለከሉ። አቡ በክራ ኋላ በበስራ ኖረ፣ ከሐዲስ አስተላላፊዎችም አንዱ ሆነ። ሠቂፎች ያመልኩት የነበረውን አል-ላት የሚባለውን ጣዖት ደግሞ በ9 ዓ.ሂ. የሰባበረው ከራሳቸው ወገን የሆነው ሙጊራ ኢብኑ ሹዕባ (ረ.ዐ.) ነው። እነሆ፣ መንጀኒቁም መዘውሩም ጣዖቱም የሉም። ግንቡም ራሱ በኋለኛው ዘመን ከተማዋ ስትሰፋ ፈርሷል።

የኛ አገር አንባቢ ሊያልፈው የማይገባ ሌላም አለ። ከእስልምና በፊት፣ በተለምዶ 570 ገደማ በሚባለው የዝሆን ዓመት፣ አብረሃ ካዕባን ሊያፈርስ ሲዘምት በጣኢፍ በኩል አልፏል። አብረሃ ከአክሱም ጦር ጋር ወደ የመን ተሻግሮ ኋላ ራሱን ያነገሠ ሰው ነው። የሠቂፍ አለቆች ወጥተው፣ አንተ የምትፈልገው ቤት የኛ አይደለም ብለው አቡ ሪጋል የሚባል መንገድ መሪ ሰጡት። መሪው በመንገድ ሞተ፤ ዐረቦችም መቃብሩን ሲወግሩት ኖሩ። ከጣኢፍ ደቡብ ባሉት ተራሮች ላይ «የዝሆን መንገድ» የሚባል በድንጋይ የተነጠፈ ጥንታዊ መንገድ ርዝራዥ ይታያል። አብረሃ ግን ሌላ ቦታ ድምፁን በድንጋይ ትቷል። በ548 የማሪብን ግድብ ሲጠግን ያስቀረጸው ረጅም ጽሑፍ ከአክሱምና ከሮም መልዕክተኞች እንደመጡለት ይናገራል።

ግድብ ካነሣን ዘንድ፣ ከሙዚየሙ ወጥታችሁ የቀረችውን ሰዓት እንድታውሉባት የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ከጣኢፍ ወጣ ብሎ ሰይሰድ በሚባለው ሸለቆ ያለ ሲሚንቶና ያለ ጭቃ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተነባብሮ የተሠራ ከ50 ሜትር በላይ የሚረዝም ግድብ አለ። በአጠገቡ ባለ ቋጥኝ ላይ ስድስት መስመር ጽሑፍ ተቀርጿል። ግድቡ የምእመናን አዛዥ የሙዓዊያ መሆኑን፣ ዐብደላህ ኢብኑ ሰኽር በአላህ ፈቃድ በ58 ዓመት እንደሠራው ይገልጽና ለኸሊፋው ምሕረትና እርዳታ ይለምናል። በመጨረሻ ዐምር የተባለው ጸሐፊ ስሙን አስፍሯል። 58 ዓ.ሂ. ማለት 677 ወይም 678 ነው። በዓለም ላይ ዘመናቸው ተጽፎባቸው ከተገኙት እጅግ ጥንታዊ የእስልምና ጽሑፎች መካከል አንዱ ይህ ነው።

ሊቃውንቱን ይበልጥ ያስደነቀው ግን ነጥቡ ነው። «ባ»ን ከ«ታ» እና ከ«ኑን» የሚለየው የዐረብኛ ፊደል ነጥብ በኋላ ዘመን እንደመጣ ይታሰብ ነበር። በዚህ ቋጥኝ ላይ ከፊደሎቹ አንዳንዶቹ ነጥብ አላቸው። ቁርኣንን ማንም እንዳያዛባው ፊደሉ በነጥብ ተለይቶ እንዲጻፍ በማድረግ ስሙ የሚነሣው የኢራቁ ገዥ ሐጃጅ ኢብኑ ዩሱፍ ደግሞ የጣኢፍ ሰው ነው፤ በወጣትነቱም በዚሁ ከተማ የልጆች መምህር ነበር። ግድቡ ሲሠራ ዕድሜው ከሃያ አይርቅም። የቁርኣን ተርጓሚው ሊቅ ዐብደላህ ኢብኑ ዐባስም (ረ.ዐ.) በኋላ የመጨረሻ ዘመናቸውን በጣኢፍ አሳልፈው በ68 ዓ.ሂ. እዚያው አረፉ፤ በስማቸው የሚጠራው ትልቅ መስጊድ ዛሬም የከተማዋ እምብርት ነው።

ወደ ሰይሰድ የምትሄዱ እንደሆነ ማለዳ ሂዱ። ፀሐይ ከጎን ስትመታው የተቀረጸው ፊደል ጥላ ይይዝና ለዓይን ይጎላል፤ በቀትር ግን ቋጥኙ እንዲያው ቋጥኝ ነው። የአዛዡን፣ የአሠሪውንና የጸሐፊውን ስም ታነባላችሁ። ከዚያ ዘወር ብላችሁ ግድቡን ተመልከቱ፤ ድንጋዮቹ ትልልቅ ናቸው፤ የተሸከሟቸው ሰዎች ስም ግን በቋጥኙ ላይ የለም። ስትመለሱ ለዑምራ የምትወርዱ ከሆነ፣ ኢሕራም የምታደርጉበት ሚቃት በሀዳ በኩል ዋዲ ሙሕሪም፣ በሌላው መንገድ ደግሞ ሰይል ከቢር መሆኑን አትርሱ።